የ400 ሄክታር ከተማ፦ የጋምቤላ ወደብ መልክዓ ምድር፣ ታሪክና ሕዝብ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



ዛሬ የምንነጋገርበት ሥፍራ እጅግ ትንሽ ነው። በውል ላይ የሰፈረው ልኩ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ በወንዝ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ርዝመት፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት። ይህ ቦታ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ሜዳ ነው ብለን ብናስብ በየጎኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዙሪያውንም በእግር ለመዞር ሁለት ሰዓት ይበቃል። ይሁን እንጂ በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ሁለት መንግሥታት ተዋውለውበታል፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ተከማችቶበታል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአህጉሩ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የመጡ ወታደሮች ተዋግተውበታል። ሥፍራው በባሮ ወንዝ ዳር የሚገኘው የጋምቤላ ወደብ ነው።

«ጋምቤላን ማን መሠረታት?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ እንግሊዞች፣ በ1907። ይህ መልስ ስለ ወደቡ ከሆነ ትክክል ነው። ስለ ሥፍራው ከሆነ ግን ያሳስታል። የአንድን ጣቢያ የልደት ቀን እንደ አንድ አገር የልደት ቀን ያስቆጥራልና። የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ጋምቤላን ውሉ ብቻውን አልሠራትም፤ ወንዙና ሕዝቡም ሠርተዋታል። ከሦስቱ በጽሑፍ የተሟላ ማስረጃ ያለው ውሉ ብቻ ስለሆነ ታሪኩን ከውሉ ብቻ የመጻፍ ልማድ አድሮብናል። እኔ ግን በቅድሚያ ወንዙን፣ ቀጥሎ ውሉን፣ ከዚያም ከተማውንና ንግዱን፣ በመጨረሻም ሕዝቡን አነሣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ወንዙ

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት የደገኛ ተረት ነው። በደጋው አገር ወንዝ ማለት ከታች በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚሮጥ፣ በክረምት የሚያግድ፣ በበጋ በጥንቃቄ የሚሻገሩት ነገር ነው። ሰው የሚኖረው ከወንዙ በላይ በአምባው ወይም በሜዳው ላይ ነው፤ ወንዙ ራሱ ማደሪያ አይደለም። ባሮ ግን ከደጋው ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ማደሪያ ያለው ወንዝ ይሆናል።

ባሮ የሚወለደው ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ሲገናኙ ነው። ሁለቱም ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋማ ስፍራዎች ዝናብ ይዘው ይመጣሉ። ጎሬ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጋምቤላ ከፍታ 526 ሜትር ነው። ስለዚህ ወንዙ በአጭር ርቀት ውስጥ ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ከጋምቤላ በታች ግን መሬቱ ጠረጴዛ የመሰለ ሜዳ ነው። ወንዙ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይሰፋል፣ በክረምት ከዳርቻው አልፎ ረግረጉን ይሞላል። ወደ ምዕራብ ሄዶም ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል ስሙ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም በማላካል አቅራቢያ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል።

የጋምቤላ ከተማ የተቀመጠችው ጀጀቤ የተባለው ገባር ከባሮ ጋር በሚገናኝበት፣ ደጋው ባለቀበትና ሜዳው በጀመረበት ሥፍራ ነው። ይህ አቀማመጥ የታሪኳ ቁልፍ ነው። ጋምቤላ የመርከብ መንገድ የሚያልቅባትና የበቅሎ መንገድ የሚጀምርባት ነጥብ ነች። ከዚህ በላይ መርከብ አይወጣም፤ ከዚህ በታች በቅሎ መጫን ትርፍ የለውም። በአገራችን ውስጥ ከፍ ያለ መርከብ ሊሄድበት የቻለው ወንዝ ባሮ ብቻ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሁለት መንግሥታት ስለዚህች ጠባብ ዳርቻ ለመዋዋል የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ነገር ግን ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መርከብ የሚያስኬደው ውኃ የሚገኘው በደጋው ክረምት ሲሆን፣ ይህም በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው። በበጋ ውኃው ይቀንሳል፣ የአሸዋ ደለሎች ይወጣሉ፣ መርከቡም ይቀራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ንግዱም ሆነ ስለ ሕዝቡ ስናነሣ እንመለስበታለን።

ውሉ

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የላይኛው ዓባይ ሸለቆ የብዙ ኃይሎች መሽቀዳደሚያ ነበር። በ1898 የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር ከጎሬ ተነሥቶ የባሮንና የሶባትን መስመር ተከትሎ ነጭ ዓባይ ዳር ደረሰ። አብረውት ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ፈረንሳውያን ነበሩ። ይሁንና የቆላው በሽታ ደጋውን ሠራዊት ስለጎዳው ጦሩ ሳይቆይ ተመለሰ። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ በፋሾዳ ተፋጠጡ፤ ፈረንሳይም ለቅቃ ወጣች። ከዚህ በኋላ በምዕራብ በኩል የዳግማዊ ምኒልክ ተደራዳሪ እንግሊዝ ብቻ ሆነች።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ሜይ 15 ቀን 1902) አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል በዋናነት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ነበር። በብዛት የሚታወቀው ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ውኃ የሚናገረው ነው። በሦስተኛው ጥላ ሥር የቀረው አራተኛው አንቀጽ ግን ለእኛ ርእስ ዋናው ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ምኒልክ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ልክ ያለው መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። መሬቱ የንግድ ጣቢያ ሆኖ ይተዳደራል። ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው። ለማናቸውም የፖለቲካ ወይም የወታደር ጉዳይ አይውልም።

የሕግና የታሪክ ተማሪዎች ይህን አንቀጽ አራት ነገሮችን ለይተው እንዲያነቡት እመክራለሁ። የመጀመሪያው ልኩ ነው፤ ርዝመትም ስፋትም ተወስኗል። ሁለተኛው ግቡ ነው፤ ንግድ ብቻ ተብሏል። ሦስተኛው ጊዜው ነው፤ በዓመት ሳይሆን በሱዳን የፖለቲካ ሁኔታ ተለክቷል። እነዚህ ሦስቱ ተደራዳሪው የኢትዮጵያ ወገን ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበረ ያሳያሉ። መሬቱ በኪራይ እንጂ በስጦታ አልወጣም፤ የሚመለስበትም በር ገና ሲሰጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። አራተኛው ነገር ግን በአንቀጹ ውስጥ የሌለው ነው። በዚያ መሬት ላይ ማን ይኖር እንደነበረ፣ የነዋሪው መብት ምን እንደሚሆን አንድም ቃል የለም።

ይህ ዝምታ በአራተኛው አንቀጽ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወሰኑ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ እንዲያልፍ ተደርጓል። ለካርታ ሠሪ ወንዝ ምቹ ወሰን ነው፤ በግልጽ ይታያል፣ ምልክት መትከል አያስፈልገውም። በወንዙ ዳርና ዳር ለሚኖር ሰው ግን ወንዝ የአገሩ መካከል እንጂ የአገሩ ጠርዝ አይደለም። እኛም በአማርኛ «የወንዜ ልጅ» ስንል በአንድ ወንዝ የሚጠጣ ያገሬ ሰው ማለታችን ነው፤ ከማዶ ያለ ባዕድ ማለታችን አይደለም። የ1902 ካርታ የወንዝ ልጆችን በሁለት መንግሥታት ሥር ከፋፈለ። የዚህም መዘዝ ለመታየት ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በ1912 የሱዳን መንግሥት የአኝዋን መሣሪያ ለማስፈታት ባዘመተው ጦር ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል፤ ከሞቱት መካከል የእንግሊዝ መኮንኖችም ነበሩ። ወሰኑ በወረቀት ላይ ካለቀ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ በመሬት ላይ ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

ከተማውና ንግዱ

ውሉ የጠቀሰው ኢታንግን ነበር፤ ለወደብ የተመረጠው ግን ከዚያ በላይ የሚገኘው ጋምቤላ ሆነ። የጋምቤላ ንግድ ከ1904 ጀምሮ ይቆጠራል፤ ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው በ1907 ተቋቋሙ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለዚህ ንግድና ስለ ምዕራቡ ወሰን ያካሄዱት ጥናት ዛሬም የዚህ ርእስ መነሻ ነው። ተማሪዎች ከሁሉ በፊት እርሱን እንዲያነቡ አሳስባለሁ።

ከወደቡ እስከ ካርቱም ያለው የወንዝ መንገድ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። መርከቦቹን የሚያስተዳድረው የሱዳን የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ በክረምት ወራት በወር ሁለት ጊዜ መርከብ ይመላለስ ነበር፤ ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን ይወስድ ነበር። ከጋምቤላ ወደ ሱዳን ዋናው ጭነት ቡና ሲሆን ሰምና ቆዳም ይጫን ነበር። ወደ ውስጥ ከሚገባው ውስጥ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ይበልጡ ነበር። ጨው ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ። ከአፋር የሚነሣው አሞሌ ጎሬና ሳዮ እስኪደርስ በስንት ገበያና በስንት ኬላ እንደሚያልፍ ስታስቡ፣ በመርከብ የመጣ ጨው ለምዕራቡ ሰው ምን ማለት እንደነበረ ይገባችኋል።

አሁን ወደዚያ ያዙልኝ ወዳልሁት ነጥብ እንመለስ። መርከቡ የሚመጣው በክረምት ነው። በክረምት ግን የደጋው መንገድ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ በቅሎ አይሻገርም። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ቡናው ሲደርስ መርከብ የለም፤ መርከቡ ሲመጣ መንገድ የለም። ይህን ተቃርኖ የሚፈታው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋዘን። በበጋ የነጋዴው ቅፍለት ከጎሬና ከቡሬ፣ ከሳዮም በኩል ቡናውን አውርዶ ያራግፋል። ቡናው ወራት ጠብቆ በክረምት ይጫናል። መርከቡ ያመጣው ጨውና ጨርቅም እንዲሁ በተራው መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል።

ከዚህ የምንረዳው ጋምቤላ በመሠረቷ የመጠበቂያ ከተማ መሆኗን ነው። የሚጠብቅ ዕቃ ጠባቂ ይፈልጋል፤ መዝጋቢ፣ ቀራጭ፣ ተሸካሚ፣ አበዳሪም ይፈልጋል። ቡናውን በጥር ገዝቶ በነሐሴ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን ለወራት ማሰር የሚችል መሆን አለበት። አቅሙ አነስተኛ የሆነው ነጋዴ ይህን ስለማይችል የወደቡ ንግድ የብድር ምንጭ ባላቸው ሰዎች እጅ መግባቱ የሚጠበቅ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላ ጎልተው የታዩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን በሰው ጠባይ ወይም በዘር ብልሃት ማስረዳት አያስፈልግም፤ የወንዙ የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

የዚህ ንግድ ዕድሜ ግን ከሌላ አቅጣጫ እየተነካ ነበር። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ መንገድ በተሠራ ቁጥር የምዕራቡ ቡና ፊቱን ወደ ምሥራቅ ለማዞር ምክንያት አገኘ። ባቡር ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል፤ ባሮ ግን ግማሹን ዓመት ያሳርፋል።

ጦርነቱና የውሉ ፍጻሜ

ጣሊያን በ1936 ኢትዮጵያን ስትይዝ የጋምቤላ ዙሪያ ገዥ ተለወጠ። በ1941 መጋቢት የእንግሊዝ የንጉሡ የአፍሪካ ጠመንጃኞችና የቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች ከባድ ውጊያ አድርገው ጋምቤላን ከጣሊያኖች አስለቀቁ። የኮንጎው ጦር ከዚያ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ሳዮ ወጣ፤ በክረምቱ መግቢያም የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ለፖለቲካና ለወታደር ጉዳይ እንዳይውል በውል የታሰረው መሬት በዚህ ጊዜ የጦር መነሻ ሆነ። ሰው ሠራሹ ሁኔታ ምንም ቢል መርከብ የሚደርስበት ሥፍራ በጦርነት ጊዜ የስንቅ በር መሆኑ አይቀርም።

ሱዳን በጃንዋሪ 1956 ነጻነቷን አገኘች። አራተኛው አንቀጽ ጊዜውን በሱዳን አስተዳደር ለክቶት ስለነበር የኪራዩ ዘመን በራሱ አበቃ። መሬቱም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከሃምሳ ዓመታት በፊት የተጻፈች አንዲት ሐረግ ያለ ጦርነትና ያለ ግልግል ዳኝነት ሥራዋን ሠራች። በአፍሪካ የወሰን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ፍጻሜ ብዙ አይገኝም። ውል የምትጽፉ የነገ የሕግ ባለሙያዎች ይህን ልብ በሉ።

ከፍጻሜው በኋላ ግን ወደቡ ብዙም አልቆየም። በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ገና በ1955 ተቀስቅሶ ነበርና የወንዙ መንገድ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። ቡናው በየብስ ወደ አዲስ አበባና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች መጓዝን ለመደ። በደርግ ዘመን የመርከቡ አገልግሎት ጨርሶ ቆመ። ወደቡ ሲዘጋ ከተማው አልተዘጋም። የጋምቤላ መኖር በወደቡ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ እንደ ብዙ የተረሱ የንግድ ጣቢያዎች ባዶ ቤት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሕዝቡ

ታዲያ በዚያ መሬት ላይ ማን ነበር? ውሉ ሲፈረም በባሮ ዳርና ዳር የአኝዋ መንደሮች ነበሩ። አኝዋዎች ባሮን በራሳቸው ቋንቋ ኦፔኖ ይሉታል። ኑሯቸው ከወንዙ ዳርቻ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፣ ውኃው ሲሸሽ እርጥበቱን ተከትለው በዳርቻው ላይ ዳግም ይዘራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ የሰብአ ጥናት ምሁር በ1935 በመካከላቸው ተገኝቶ በ1940 ባሳተመው ሥራው የመንደር አለቆችንና የመሳፍንት ወገኖችን ያካተተ የአስተዳደር ሥርዓታቸውን ገልጿል። ውሉ ባዶ መስሎ የዘለለው መሬት አለቃና ሕግ ያለው አገር ነበር።

ኑዌሮች ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ ምሥራቅ በሰፊው የተስፋፉ ከብት አርቢዎች ናቸው። በክረምት ጎርፉ በማይደርስበት ከፍ ያለ መሬት ላይ ይሰፍራሉ፤ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። ከሁለቱ ሌላ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በዚሁ ምድር የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ወደቡ ከተከፈተ በኋላም ከደጋው የመጡ ነጋዴዎች፣ የሱዳን ሠራተኞችና የውጭ አገር ሰዎች ተጨመሩ። ከነዚህ መካከል ሶርያዊው ማጂድ አቡድ በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ገብቶ በወሰኑ አስተዳደር ጉልህ ሚና ነበረው።

ስለዚህ ግንኙነት ስንናገር የሚያሳፍረውን ክፍል መዝለል አይገባንም። የቆላው ሕዝብ ለረጅም ዘመን የባሪያ ፈንጋዮች ሰለባ ነበር። በደጋው ጽሑፎች ውስጥም በየስሙ ሳይሆን ክብር በሚነፍግ አንድ የጅምላ ስም ሲጠራ ኖሯል። ስም የተነፈገ ሕዝብ በውል ውስጥ ቢዘለል አያስገርምም። የእንግሊዙን ዝምታ ስንወቅስ የራሳችንንም ዝምታ አብረን መመርመር አለብን።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ 18,263 ነበር። በ2007 ቆጠራ 39,022 ሆነ። በአሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። የክልሉ ጠቅላላ ሕዝብ በ2007 307 ሺህ ገደማ ነበር። ይህን ዕድገት የወደብ ታሪክ አያስረዳውም፤ ወደቡ ቀድሞ ሞቷልና። የሚያስረዱት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ጋምቤላ የክልል ርእሰ ከተማ ሆነች፤ መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሰው ሰበሰቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከ1984 እስከ 1985 በነበረው ድርቅ ምክንያት ብዙ ደገኞች በክልሉ ሰፍረው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የደቡብ ሱዳን ጦርነቶች ስደተኞችን በማዕበል ላኩ። በ1980ዎቹ በጣም ሰፊ ከሆኑት የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ የነበረው ኢታንግ ነው፤ በ1902 ለወደብ የተጠቀሰችው ያችው ኢታንግ። ከዲሴምበር 2013 ወዲህም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ክልሉ ገብተዋል።

እነዚህ ቁጥሮች በጋምቤላ ተራ ቁጥሮች አይደሉም። የምክር ቤት መቀመጫ፣ በጀት፣ የመሬት ይገባኛል ጥያቄ ሁሉ ከቁጥር ጋር ይያያዛል፤ በቁጥር የተነሣ ደምም ፈስሷል። ስለዚህ የአጥኚው ኃላፊነት ከባድ ነው። ሁለት ጥንቃቄዎችን ብቻ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከወቅት ጋር የሚንቀሳቀስን ሕዝብ በአንድ ቀን ቆጥሮ የማን አገር እንደሆነ መወሰን አይቻልም። ዳር ላይ ያለው ሰው በነሐሴና በየካቲት አንድ አይደለም። በመርከብ የመጣ የድሮ ተመልካች ወንዙን ያየው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ የበጋው ሰፈረኛ በሌላ ሥፍራ ነበር። በዚያ ተመልካች ማስታወሻ ላይ ብቻ ተመሥርቶ «ያኔ እነ እገሌ አልነበሩም» ብሎ መደምደም የወንዙን የቀን መቁጠሪያ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛ፣ በተቃራኒው፣ ቀድሞ መገኘትንም ሆነ በኋላ መምጣትን የሰው ልጅነት ሚዛን ማድረግ አይገባም። ታሪክ ማን መቼ እንደነበረ ሊነግረን ይችላል፣ ሊነግረንም ይገባል፤ የአኝዋ መንደሮች በወንዙ ዳር መኖራቸውን መሸፈን ውሸት ነው። ነገር ግን ዛሬ በጋምቤላ የተወለደ ሕፃን የመኖር መብቱን ከ1902 በፊት ከነበረ ሰነድ ማውጣት የለበትም። የታሪክ ባለሙያ የመጀመሪያውን እውነት ለመናገር ድፍረት፣ ሁለተኛውን ለመጠበቅ ደግሞ ጨዋነት ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ «ጋምቤላን ማን መሠረታት?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። ጣቢያውን ውሉ መሠረተው፤ ሥፍራውን ወንዙ መረጠው፤ አገሩን ደግሞ ከሁለቱም በፊት ነዋሪው አቅንቶት ነበር። የመጀመሪያው ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖ አልፏል። ሁለተኛው ዛሬም በየክረምቱ ይሞላል። ሦስተኛው እየጨመረና እየተለዋወጠ በመካከላችን ይኖራል።

ከናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ ሥራው እዚያ ይጠብቀዋል። ስለ ጋምቤላ የተጻፉት ሰነዶች በአብዛኛው የተዘጋጁት በካርቱም፣ በለንደንና በአዲስ አበባ ባሉ ባለሥልጣናት ነው። በአኝዋና በኑዌር ቋንቋዎች የሚነገረው ትዝታ ግን በሰው ደረት ውስጥ ነው ያለው። የመጨረሻዎቹን መርከቦች ያራገፉ፣ ቡናውን የመዘኑ፣ ጨውን የተሸከሙ ሰዎች አርጅተዋል። ወንዙ እያንዳንዱ ጠመዝማዛውና ማጥመጃው ስም አለው፤ ስሙም ማን መቼ እንደኖረ ይናገራል። እነዚህን በራሳቸው ቋንቋ ቀርቦ፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ የክልሉ ተማሪ ጋር ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል። በውሉ አራተኛ አንቀጽ ላይ የጎደለውን ቃል ማሟላት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።